ኖርማንን በእንግሊዝኛ አታናግሩት

ኤሊኔድን ስትሮክ የመታት ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ሳለ ነው። ሆስፒታል ገብታ በአራተኛው ቀን ማውራት ስትጀምር ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር፤ ቀኝ እግሯም እንደዚያው። ይሄ ይሻሻላል አሉ ሐኪሞቹ። የማይመለስ የመሰላቸው ሌላው ነው። እንግሊዝኛዋ የለም። በስድስት ዓመቷ ትምህርት ቤት ገብታ የተማረችው፣ ሰባ ዓመት ሙሉ የተናገረችው እንግሊዝኛ እንዳለ ተጠርጎ ወጥቶ፣ የቀራት እናቷ ጭን ላይ የለመደችው የአገራችን የዌልስ ቋንቋ፣ ዌልሽኛ ብቻ ሆነ።

ባሏ ኖርማን ደግሞ ዌልሽኛ አያውቅም።

ልጆቼ፣ አርባ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሮ የሚስቱን ቋንቋ እንዴት አያውቅም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ የኩምሄሊግ ሰው ስለሆንኩ አልገረመኝም። በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ባል አንድ ሁለት ብቻ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የመጣብን መከራ ሁሉ ከዚያ ነውና።

በእኛ ዘንድ አሥር ሰው ተቀምጦ በዌልሽኛ ሲያወራ አንድ እንግሊዛዊ በር ከፍቶ ከገባ፣ አሥራችንም ወሬያችንን ከመሃል ቆርጠን ወደ እንግሊዝኛ እንዞራለን። ማንም አያዘንም። ሰው ፊት እሱ በማይሰማው ቋንቋ ማውራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሰውየው ለሳምንት ቢመጣም እንዞራለን፣ ዕድሜውን ሙሉ ቢኖርም እንዞራለን። ኖርማን ሱቅ ሲገባ ሱቁ ይዞራል፤ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሲገባ አዳራሹ ይዞራል። ኤሊኔድማ ከሁላችንም ትብስ ነበር። ከእናቷ ጋር እያወራች የባሏን ኮቴ ደጅ ላይ ከሰማች የገዛ እናቷን በእንግሊዝኛ ታናግራት ነበር፤ አሮጊቷም ምስኪን እየተንተባተበች ትመልሳለች። ይህን ሁሉ የምናደርገው ለእሱ ክብር ብለን ነው።

እኔ ናንሲ እባላለሁ። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስለሠራሁ መንደሩ ናንሲ ምሳ ይለኛል። በእኛ አገር ጆንስና ዴቪስ የማይባል ስለሌለ ሰውን የምንለየው በሥራው ነው። ኖርማን ከእንግሊዝ የመጣው የወተት ቦቴ ሊነዳ ስለነበር እሱም ኖርማን ወተት ሆነ። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ልጅ አልወለዱም። እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃት ሄድኩ። ኤሊኔድ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ምላሷ ትንሽ ቢጎተትም ወሬዋ ወሬ ነው።

"አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሌሊቱን ስታንኮራፋ ታድራለች፤ ጠዋት ደግሞ በእኔ ማንኮራፋት እንዳልተኛች ለነርሷ ትነግራለች" አለችኝ።

ሳቅሁ። ያኔ የኖርማን ጫማ ከኮሪደሩ ተሰማ። ኤሊኔድ ዝም አለች። ኖርማን ወይን በፌስታል ይዞ ገባ፣ ግንባሯን ሳማት፣ እንዴት አደርሽ አላት በእንግሊዝኛ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኖርማን ፌስታሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

በሩ ላይ ሚስስ ቦወን ቆማለች። የሕሙማንን ጉዳይ የምትከታተል፣ ማን ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ማን ወደ መጦሪያ እንደሚሄድ ተመልክታ ሐሳብ የምታቀርብ ባለሙያ ናት። የአርባ ዓመት ሴት ትሆናለች፤ የእኛው አገር ልጅ ናት። ኮሪደር ጠርታ አስቀመጠችን። ለኖርማን ስትል በእንግሊዝኛ ነበር የምትናገረው።

"አቶ ኖርማን፣ ነገሩን ልሸፋፍንልዎ አልፈልግም። ባለቤትዎ ውኃ ስጠኝ ትበል አመመኝ ትበል እርስዎ ለይተው አያውቁም። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ብትወድቅስ? አቅራቢያችን ያሉት መጦሪያዎች ሞልተዋል። ክፍት አልጋ የተገኘው ድንበር ማዶ ነው፣ እንግሊዝ።"

"እዚያ ዌልሽኛ የሚናገር አለ?" አላት።

"የለም።"

"ታዲያ ከእኔ በምን ይሻላሉ?"

ሚስስ ቦወን ፋይሏን አየች። "በእነሱ ቤት ነርስ አለ፣ ሃያ አራት ሰዓት።"

ኖርማን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ "ሦስት ሳምንት ስጪኝ" አላት። "ሦስት ሳምንት። እማራለሁ። መጥተሽ እይኝ። ካልቻልኩ ያኔ ውሰዷት።"

በሰባ ስድስት ዓመቱ ነው ይህን የሚለው። ሚስስ ቦወን እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ቀን ቆርጣ ጻፈች። ኤሊኔድን ለግማሽ ቀን ቤቷ ይዛት ልትመጣ፣ ባልና ሚስቱ እንዴት እንደሚግባቡ ቁጭ ብላ ልታይ።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤታቸው ገባሁ። ኖርማን ካርቶን በመቀስ ቆራርጦ፣ እስክሪብቶ ደርድሮ ጠበቀኝ።

"ከየት እንጀምር?" አለ።

"ከትንሽ ቤት።"

"ምን?"

"ቲ ባኽ። ትንሽ ቤት ማለት ነው፤ ሽንት ቤቱን እንዲህ ነው የምንለው። ይህን ካላወቅህ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።"

ጻፈው። እንዲህ እያልን ሄድን። ባራ ዳቦ ነው። ፖይን ሕመም ነው። ኦይር ብርድ ነው። ኤቶ እንደገና ነው፤ "ይህን አጥብቀህ ያዝ፣ በቀን መቶ ጊዜ ያስፈልግሃል" አልኩት። ባኽ የምትለውን ቃል አርባ ዓመት ሲሰማት ኖሮ ምን እንደሆነች አያውቅም ነበር። "ትንሽ ማለት ነው" አልኩት፤ "ግን የምንወደው ሰው ስም ላይ ሁሉ እንለጥፋታለን፣ በሬ ቢያክልም።"

"ታዲያ እናንተ ሁላችሁ ኖርማን ባኽ የምትሉኝ..."

"አዎ።"

አቀርቅሮ ካርዱን ጻፈ።

አንድ ቀን ብቻ ነው ሲቀልድ ያየሁት። መስኮቱ ላይ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ አርፋ ምን ትባላለች አለኝ። አጭር ቀይ ላም እንላታለን ብዬ ነገርኩት። ኖርማን ጎንበስ ብሎ ተመለከታት። "በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች?" አለ። በረንዳው ሥር ያለችውን ነጭ አበባ ደግሞ የቀን ዓይን እንደምንላት፣ ጠዋት ስለምትገለጥ ማታ ስለምትከደን እንደሆነ ነገርኩት። አበባዋን እያየ፣ "እሷ እነዚህን ሁሉ እያየች ነው ከእኔ ጋር የኖረችው" አለ። "እኔ አበባ ሳይ እሷ ዓይን እያየች።"

ሌላ ቀን ደግሞ "መፍራትስ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ኦቭን ነው። ግን ፈራሁ አንልም። ኦቭን ላዬ ላይ አለ ነው የምንለው። ራብም እንደዚያው ነው፣ ጉንፋንም፣ ናፍቆትም። ሰውየው ሌላ፣ ፍርሃቱ ሌላ። እንደ ዝናብ ከላይ የመጣበት ነገር ነው።"

ይህን ካርድ ላይ አልጻፈውም። እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሃል እያዞረ፣ "በእኛ ቋንቋ ፈሪው ራሴው ነኝ" አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ በዌልሽኛ አለው፤ ፍርሃት ላዬ ላይ አለ። አነጋገሩ እንደ ድንጋይ ሻካራ ነበር። እኔም ምድጃውን ለማየት ዞርኩ፤ ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስድሳ ያህል ቃል ያውቅ ነበር። ጸጉሩን አስተካክሎ፣ የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ካርዶቹን በኪሱ ይዞ አብረን ሆስፒታል ሄድን። በመኪናው ውስጥ ሙሉውን መንገድ ያነበንብ ነበር። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

ገባ። ሚስስ ቦወንም እዚያው ነበረች። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የኤሊኔድን ደህናውን እጅ ያዘና በዌልሽኛ፣ "ደህና አደርሽ ፍቅሬ። ፖይን አለ?" አላት።

ኤሊኔድ አየችው። ዓይኗ ሰፋ። ከንፈሯ እንደ ፊተኛው ቀን መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ቃል። "ኦይር?" አላት። "ባራ?" እጇን ከእጁ መነጨቀች። ከዚያ አለቀሰች፤ እንደ ሕፃን፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ። ነርሷ ሮጣ መጣች። ኖርማንን ለጊዜው ውጪ ይሁኑ አሉት፤ ወጣ።

ሚስስ ቦወን ክንዴን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። አሁን በዌልሽኛ ነው የምታወራው።

"አክስቴ ናንሲ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከእኔና ከእርስዎ አያልፍም። ይመታት ነበር?"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

"ዝንብ እንኳን አይመታም" አልኳት።

"እኔ የማየው ታዲያ ምንድን ነው? ከሁሉ ጋር ታወራለች። እሱ ሲገባ ትዘጋለች፣ ታለቅሳለች፣ እጇን ትነጥቃለች። ይህን አይቼ እንዴት አድርጌ ከእሱ ጋር ብቻዋን እተዋታለሁ?"

 ወደ ኤሊኔድ ተመለስኩ። ፊቷን በፎጣ ጠረግሁላት፤ ትንሽ ስትረጋጋ ሚስስ ቦወን እየሰማች ጠየቅኋት።

"ኤሊኔድ ባኽ፣ ኖርማን ሲመጣ ለምን ዝም ትያለሽ?"

"እንግሊዝኛው አልመጣ አለኝ" አለች። "ጫፉ ይታየኛል፣ ልይዘው ስል ይሄዳል።"

"በዌልሽኛ ንገሪው። ሲማር ነው የከረመው።"

እንደ ባለጌ ቆጥራ አየችኝ። "ኖርማን እኮ ነው ናንሲ። እንዴት አድርጌ ኖርማንን በዌልሽኛ አናግረዋለሁ? ነውር አይደለም?"

ሚስስ ቦወን እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሷም የእኛው ሰው ናትና ወዲያው ገባት። ሌላ አገር ያደገ ባለሙያ ቢሆን መቶ ዓመት ቢያስብ አይገባውም ነበር። የሴትዮዋ ግማሽ አካል ሞቷል፣ ቋንቋዋ ጠፍቷል፣ ይሉኝታዋ ግን እንዳለ ነው።

"ገብቶኛል" አለችኝ ኋላ ኮሪደሩ ላይ። "ግን አክስቴ ናንሲ፣ ምክንያቱ ይገባኛል ብዬ ቤት ልልካት አልችልም። ካላናገረችው አላናገረችው ነው። ቀኑ ያው ነው።"

ኖርማን መኪናው ውስጥ መሪውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ነገርኩት። እስኪገባው ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። ከዚያ እኔ የማላውቀው ኖርማን ተናገረኝ።

"በተጋባን ሰሞን የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ምን እንዳደረግሽ ታስታውሻለሽ?"

"እኔ?"

"ሻይ ስትቀዱ። ተነሥቼ ስለ ምግቡ ምስጋና አቀረብኩ፣ በዌልሽኛ። አንድ ወር ሙሉ ቦቴውን እየነዳሁ ብቻዬን ተለማምጄ ነው። ኤሊኔድ እንኳን አታውቅም ነበር። አዳራሹ ሳቀ። አንቺ ማንቆርቆሪያ ይዘሽ አጠገቤ ነበርሽ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገሽ፣ በእንግሊዝኛ፣ ተቀመጥ የእኔ ጌታ፣ አትቸገር፣ ሁላችንም እንግሊዝኛ እንሰማለን አልሽኝ።"

አላስታወስኩም። ልጆቼ፣ እስካሁንም አላስታውስም። ያንን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ። ለእሱ አርባ ሁለት ዓመት የቆየበትን ነገር እኔ ሻይ ቀድቼ ስጨርስ ረስቼዋለሁ።

"ደግ ናችሁ" አለኝ። "ሁላችሁም። እንደ እናንተ ደግ ሰው አላየሁም። በደግነታችሁ ደጅ ላይ አቆማችሁኝ። አሁን ሊወስዱብኝ ነው።"

ዘጠኝ ቀን ቀርቶን ነበር። ከዚያው በቀጥታ ወደ ሜና ሱቅ ሄድኩ። ሜና ባለሱቋ የመንደሩን ሁሉ ጆሮና አፍ የያዘች ሴት ናት። ዊል አጥርም በአጋጣሚ እዚያ ነበር፤ ለበግ አጥር የሚሆን ሚስማር ሊገዛ። ነገሩን ዘረገፍኩላቸው።

"ኤሊኔድ በዌልሽኛ የምታናግረው እኛ ስናናግረው ካየች ነው" አልኳቸው። "ከዛሬ ጀምሮ ኖርማንን በእንግሊዝኛ አታናግሩት። አንድ ቃል። ቤቱ ቢቃጠል እንኳን።"

"ቤቱ ቢቃጠልማ እናገራለሁ" አለ ዊል።

"እሳት የሚለውን ተምሯል። በዌልሽኛ ጩህለት።"

ሜና ሚዛኗን እያጸዳች፣ "አክስቴ ናንሲ፣ እኔ ምላሴ አይታዘዘኝም" አለች። "ሰውየው ሲገባ ገና ሳላስበው ይዞራል። በሕልሜም ያዞረኝ ይመስለኛል።"

"እኔስ?" አልኳት። "ዌልሽኛን ራሱን በእንግሊዝኛ አይደል ሳስተምረው የከረምኩት!"

የሚቀጥሉት ቀናት እንዴት እንደነበሩ ልነግራችሁ ይከብደኛል። ኖርማን ሱቅ ገብቶ "ባራ" አለ። ሜና ትልቁን ነው ትንሹን ብላ በዌልሽኛ ጠየቀችው። አልሰማትም። "ኤቶ" አለ። ደገመችለት፤ ከኋላው አራት ሰው ተሰልፏል። "ኤቶ" አለ። አንገቱ እስኪቀላ ቆመ፤ ሜናም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆመች። መጨረሻ ላይ "ባኽ" አለ፤ ትንሹን ዳቦ ይዞ ወጣ። ትልቁን ፈልጎ ነበር።

ዊል ደግሞ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ስለ ዝናቡ አንድ ረጅም ነገር ነገረው። "ኤቶ" አለው። ነገረው። "ኤቶ።" አምስት ጊዜ። ዊል ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይሄ ሰውዬ ከበጎቼ ይብሳል" አለኝ። "በጎቼ በሁለተኛው ይሰማሉ።" ኖርማን በግ የሚለውን ቃል ብቻ ያዘ፤ ነገሩ ስድብ እንደሆነ ግን ገባው። አንድ ጊዜ ደግሞ ዊል ራሱ ተሳስቶ ደህና ዋል ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ሜና ከሱቋ ወጥታ በዌልሽኛ ስታወርድበት መንደሩ ሁሉ ሰማ።

በስድስተኛው ቀን ኖርማን በሩን ዘጋ። አንኳኳሁ። ከውስጥ በእንግሊዝኛ፣ "ሂጂ ናንሲ። በቃኝ። ምንም አይገባኝም፣ በገዛ መንደሬ ደንቆሮ ሆኜ ቀረሁ" አለኝ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። በዌልሽኛ አባበልኩት። "አይገባኝም" አለ። ሌላ አልኩት። "አይገባኝም፣ ሂጂልኝ።" ድምፁ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። እንግሊዝኛው ጥርሴ ላይ ደርሷል። ከልጅነቴ ጀምሮ በምላሴ የተሠራው ሁሉ ዙሪ፣ ዙሪለት ይለኛል። አንዲት ለስላሳ ቃል ብሰጠው ይከፍት ነበር። ግን ያቺው ለስላሳ ቃል አይደለች እዚህ ያደረሰችን? ጸጉሬ በዝናብ እንደተጣበቀ ቆምኩና የሚያውቀውን ፈለግሁ።

"ኖርማን ባኽ" አልኩ። "በር። ናንሲ ኦይር። ኦይር፣ ኦይር።"

መቀርቀሪያው ሲከፈት ተሰማ።

ቀኑ ሰኞ ሆነ። አምቡላንስ ኤሊኔድን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥቶ ወጥ ቤቷ አገባት። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የእኔን፣ የሜናንና የዊልን ፊት በየተራ አየች። ሚስስ ቦወን ወንበር ስባ ማዕዘን ላይ ተቀመጠች፤ ኖርማንን ልታነጋግር አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

"በእንግሊዝኛ አይሆንም ልጄ።"

"አክስቴ ናንሲ፣ የሚፈርመው ወረቀት አለ። ያልገባውን ነገር ላስፈርመው አልችልም፤ ሕግ ነው።"

"ደጅ አውጥተሽ አስፈርሚው። ከዚህ ደፍ ወዲህ ግን አንድ ቃል እንዳታወጪ።"

ሁለቱ ዝናብ ባረጠበው የአትክልት ግንብ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ሲፈራረሙ በመስኮት አየናቸው። ተመልሰው ሲገቡ ሁላችንም ጀመርን። ሜና ሻይ ልቅዳ ወይ ብላ ኖርማንን በዌልሽኛ ጠየቀችው። "አዎ፣ አመሰግናለሁ" አለ። ዊል ስለ በጎቹ ነገረው። "ኤቶ" አለ ኖርማን፤ ዊል ደገመለት። የተሰበረች፣ አንካሳ ወሬ ነበረች። ግን በመሃል ማንም አልዞረም።

ኤሊኔድ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። ፊቷ ላይ የመጀመሪያው ነገር ድንጋጤ ነበር፤ እንግዳ ፊት ስንባልግ እንዳገኘችን። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሚስስ ቦወን ሰዓቷን አየች። ጊዜው እያለቀ እንደሆነ ኖርማን ገባው። ኤሊኔድ ፊት ተንበረከከና ካርድ ላይ ያልጻፈውን ያንን አረፍተ ነገር አላት። ፍርሃት ላዬ ላይ አለ፣ ኤሊኔድ።

ከንፈሯ እንደልማዱ ተንቀሳቀሰ። ቃል ሲፈልግ፣ ሲያጣ አየነው። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ተመለከተችኝ፤ ይፈቀዳል ወይ እንደሚል ሰው። ራሴን ነቀነቅሁላት።

"ኦይር" አለች። ለእሱ ነው ያለችው፣ ዓይኑን እያየች። "በረደኝ ኖርማን። ሹራቤን አምጣልኝ።"

ዘሎ ተነሣ። ከመኝታ ቤት ሹራብ ይዞ እየሮጠ መጣ፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ኤሊኔድ በደህና እጇ ገፈፈችው።

"ይሄን አይደለም። አረንጓዴውን።"

ኖርማን ደረቀ። ቀለም አላስተማርኩትም ነበር። ሕመምና ብርድ፣ መውደቅና ሽንት ቤት ሲያሳስበኝ ቀለም ትዝ አላለኝም። "ኤቶ" አለ። "አረንጓዴውን" አለች። "ኤቶ።" "አረንጓዴውን!" ወደ እኔ አየ። ምላሴን እስኪያመኝ ነከስኩ። ሚስስ ቦወን እስክሪብቶዋን አንሥታ አስቀመጠች። ሜና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ኖርማን መኝታ ቤት ገባ። መሳቢያ ሲጎተት፣ መስቀያ ሲወድቅ ሰማን። ሲመለስ ያላትን ሹራብ ሁሉ፣ ሻርፕ ሁሉ፣ የእሱን ካልሲ ጭምር አቅፎ ነው፤ ፊቱ አይታይም። እግሯ ሥር ዘረገፈው። አንድ በአንድ እያነሣ አሳያት። ሰማያዊ፤ አይደለም። ቡኒ፤ አይደለም። ግራጫውን ሲያነሣ "እንዴት ያለ ሰው ነው" አለችው በዌልሽኛ፤ ከእኛ ጋር ስትነጫነጭ በምትለው ድምፅ። ከዚያ ራሷ ጎንበስ ብላ ከክምሩ መሃል አረንጓዴውን መዘዘች።

"ይሄ ነው" አለችው። "ጉዊርዝ። በል።"

"ጉርድ።"

"ጉዊርዝ።"

"ጉዊርድ።"

"አይደለም። አፌን እየኝ። ጉዊርዝ።"

እሱ ተንበርክኮ አፏን ሲያይ፣ እሷ ስታርመው፣ ሲሳሳት፣ ስታርመው ቆዩ። አርባ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አርማው አታውቅም። እጁን ይዛዋለች፤ መያዟን ያወቀችም አይመስለኝ።

ሚስስ ቦወን ፋይሏን ከፍታ ብዙ ጻፈች፤ ስንጠብቅ ዕድሜያችን ያለቀ መሰለን። ከዚያ ለእኔ በዝቅታ ነገረችኝ። ትምጣ። ለስድስት ሳምንት ሙከራ ነው፤ ነርስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል፣ ያኔ ካልሆነ የድንበር ማዶው አልጋ ነው። ምንም ቃል አልገባልዎትም አለችኝ። ገባኝ አልኳት።

ቀጥላ ወደ ኖርማን ዞረች። ቃላቱን እያራራቀች፣ በዌልሽኛ፣ "ሐሙስ። ኤሊኔድ። ቤት" አለችው።

ቤት የሚለውን አወቀው። ሐሙስን አላወቀም፤ ቀናትንም አላስተማርኩትም። መቼ እንደሆነ ሳያውቅ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ምናልባት መቼም አትመጣም የተባለ መስሎት ይሆናል። "ኤቶ" አለ። "ሐሙስ" አለች ሚስስ ቦወን። "ኤቶ።" 

ኤሊኔድ ጎተተችው። መዳፉን ጭኗ ላይ ዘረጋችና በደህና እጇ አውራ ጣቱን ያዘች። "ሰኞ" አለች፤ መሬቱን፣ ዛሬን አሳየችው። ቀጣዩን ጣት ያዘች። "ማክሰኞ።" ቀጣዩን። "ረቡዕ።" ከከንፈሯ ዓይኑን ሳይነቅል ተከተላት። አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ያዘችው፣ ጠበቅ አደረገችው፣ አልለቀቀችውም።